ከባድ ብርቅዬ ማዕድናት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ ጋራዦች፣ በከተማዋ የታይዋን ገበያ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችና በሐረር ተማሪዎች ዘንድ ደጋግመው ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ እነሆ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርቅዬ ማዕድን የሚባለው ምንድን ነው? “ከባድ” የሚባሉትስ የትኞቹ ናቸው?

ብርቅዬ ማዕድናት፣ በብዙዎች አጠራር ሬር ኧርዝ፣ 17 ብረት ነክ ንጥረ ነገሮች ናቸው። 15ቱ ከላንታነም እስከ ሉቴሺየም በኬሚስትሪው ሰንጠረዥ ግርጌ ለብቻቸው ተደርድረዋል። ስካንዲየምና ይትሪየም ደግሞ ጠባያቸው ስለሚመሳሰል አብረው ይቆጠራሉ። ላንታነም፣ ሴሪየም፣ ፕራሲዮዲሚየምና ኒዮዲሚየም ከቀላሎቹ ወገን ናቸው።

ከባዶቹ ቴርቢየም፣ ዲስፕሮሲየም፣ ሆልሚየም፣ ኤርቢየም፣ ቱሊየም፣ ይተርቢየምና ሉቴሺየም ናቸው። ከባድ ያሰኛቸው የአቶማቸው ክብደት ነው። ይትሪየም አቶሙ ቀላል ቢሆንም በተፈጥሮ የሚገኘው ከእነሱ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ ከእነሱ ጋር ይመደባል። ጋዶሊኒየምን አንዳንዱ ከቀላሎቹ፣ አንዳንዱ ከከባዶቹ ጎራ ያስገባዋል፤ በዚህ ላይ መከራከር ብዙ ጥቅም የለውም።

ታዲያ ከወርቅ ይበልጥ ብርቅ ናቸው?

አይደሉም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለውን በአማካይ ብናሰላ፣ አንድ ቶን አለት ውስጥ 5 ግራም ያህል ዲስፕሮሲየም ይገኛል። ከሁሉም አነስተኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቱሊየም እንኳ ግማሽ ግራም ያህል አለ። ወርቅ ግን 4 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ብርም ከ0.1 ግራም አይደርስም።

ልዩነቱ ወርቅ በአንድ ቦታ ተከማችቶ፣ በጅረት አሸዋ ውስጥ እንኳ በሳፋ ታጥቦ ሊገኝ መቻሉ ነው። ከባዶቹ ብርቅዬ ማዕድናት በየአለቱ በጥቂት በጥቂቱ ተበትነዋል እንጂ ለብቻቸው ተጠራቅመው አይገኙም። ስለዚህ “አለ ወይስ የለም?” ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም። መጠየቅ ያለበት ሊወጣና ከዘመዶቹ ሊለይ በሚያዋጣ መጠን ተከማችቷል ወይ የሚለው ነው።

ለምን ያገለግላሉ? እኔ ቤት ውስጥስ አሉ?

ኢንተርኔት የምትጠቀሙ ከሆነ ኤርቢየም እየሠራላችሁ ነው። የኢትዮጵያ ኢንተርኔት አንዱ ዋና በር ጅቡቲ ነው፤ መረጃው ከባሕር ሥር በተዘረጋ የመስታወት ክር በብርሃን መልክ ይመጣል። ብርሃኑ በመንገድ ስለሚደክም በየተወሰነ ርቀት ማጉያ ይገባለታል። ማጉያው ውስጥ ያለው ክር ኤርቢየም የተጨመረበት ነው። ይህ ብልሃት በ1980ዎቹ መጨረሻ ከመገኘቱ በፊት የብርሃኑን ምልክት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ መልሶ ወደ ብርሃን መቀየር ግድ ነበር።

ከዓመታት በፊት በየቤቱ የተከፋፈሉት ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ነጭ ዱቄት ውስጥ ቴርቢየም አረንጓዴውን፣ ዩሮፒየም ከይትሪየም ጋር ሆኖ ቀዩን ብርሃን ይሰጡ ነበር። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ከሚነደው ጋዝ ሙቀት የብረት ምላጮቹን የሚጠብቀው የሴራሚክ ልባስ ይትሪየም አለበት። ብረት የሚቆርጠው ኃይለኛ ሌዘር ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በይተርቢየም ነው።

ሕክምናውን ሰው ብዙም አያውቀውም፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ሊነገርለት የሚገባው እሱ ይመስለኛል። እንደኛ ባለ ሞቃት አገር የተለመደውን የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ሕክምና የሚፈጨው ሌዘር የሆልሚየም ነው፤ አሁን ደግሞ የቱሊየም ሌዘርም እየተስፋፋ ነው። ሉቴሺየም-177 የተባለው ጨረር አመንጪ ዓይነት በተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰርና በአንዳንድ የሆርሞን ዕጢዎች ሕክምና ላይ ይሰጣል። ጋዶሊኒየምም በኤም.አር.አይ ምርመራ ጊዜ ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ውስጥ አለ።

ሁሉም ሰው ስለ ማግኔት የሚያወራው ለምንድን ነው?

ገንዘቡም ጭንቀቱም ያለው እዚያ ስለሆነ ነው። ዛሬ ከሁሉም የሚበረታው ቋሚ ማግኔት ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራው ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ በተመሳሳይ ወቅት ተገኘ። ትንሽ ሆኖ ከፍተኛ ጉልበት ስለሚሰጥ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርን፣ አንዳንድ የንፋስ ተርባይኖችንና የፋብሪካ ሮቦቶችን አቅልሏቸዋል። የአዳማ አንድ የንፋስ ኃይል ጣቢያ ተርባይኖችም ያለ ማርሽ ሳጥን፣ በቋሚ ማግኔት ጀነሬተር የሚሠሩ ናቸው።

ይህ ማግኔት አንድ ድክመት አለው፤ ሙቀት አይችልም። ተራው ዓይነት 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ማጣት ይጀምራል። የመኪና ሞተር ውስጡ ደግሞ 150 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ጥቂት ዲስፕሮሲየም ወይም ቴርቢየም ሲጨመርበት ግን ማግኔቱ በዚያ ሙቀት ውስጥ ጸንቶ ይቆያል። ቀደም ሲል ለመኪና ሞተር በሚሠራ ማግኔት ውስጥ ከክብደቱ እስከ 8 እና 10 በመቶ የሚደርስ ዲስፕሮሲየም ይገባ ነበር። አንድ መኪና ከ1 እስከ 2 ኪሎ ማግኔት ስለሚይዝ፣ በሚሊዮን መኪና ሲባዛ ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት።

የድሬ ሙቀት የኤሌክትሪክ መኪናዬን ወይም ባጃጄን ማግኔት ያበላሸዋል?

የአየሩ ሙቀት ብቻውን አያበላሸውም። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ 35 ዲግሪን ብታልፍም ለማግኔት ይህ ገና ቅዝቃዜ ነው። አደጋው ሞተሩ ራሱ ከሚያመነጨው ሙቀት ነው፤ የአየሩ ሙቀት ደግሞ ያ ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ጭነት ሞልቶ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ይህ ነው። ረጅም ሽቅብ፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከፍተኛ ከረንት፣ ትንሽ ነፋስ፤ ለሞተር ከዚህ የከፋ ሁኔታ የለም።

ጥሩ መኪና ሙቀቱን እየለካ ጉልበቱን በራሱ ይቀንሳል። ዳገቱ መሃል ላይ “ደከመ” ብላችሁ ፔዳሉን አብዝታችሁ አትርገጡ፤ ዳር ይዛችሁ አቀዝቅዙት። ርካሽ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ ላይኖር ይችላል፤ ማግኔቱም ዲስፕሮሲየም የሌለበት ዝቅተኛ ደረጃ ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ ሞቆ ጉልበቱን ያጣ ማግኔት ሲቀዘቅዝ አይመለስም። ያኔ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ተጨማሪ ከረንት ደግሞ ተጨማሪ ሙቀት ነው፤ እንዲህ እያለ ባትሪውንም ይጎዳል።

ለመካኒኮችና ሞተር ለሚጠቀልሉ፦ ሽቦው ደህና ሆኖ ጉልበቱ ከወረደ ሞተሩን ከመቆጣጠሪያው ነቅላችሁ በታወቀ ፍጥነት አሽከርክሩትና የሚያመነጨውን ቮልቴጅ ለኩ። ከተመሳሳይ ጤነኛ ሞተር በግልጽ ካነሰ የደከመው ማግኔቱ ነው፤ ጥቅለላ አያድነውም። ምትክ ማግኔት ስትገዙ በስሙ መጨረሻ ያሉትን ፊደላት ጠይቁ። ምንም ተጨማሪ ፊደል ከሌለው እስከ 80፣ “ኤች” ካለው እስከ 120፣ “ኤስ ኤች” እስከ 150፣ “ዩ ኤች” እስከ 180 ዲግሪ ይችላል። ለእኛ መንገድ ከ“ኤስ ኤች” በታች አትውረዱ የሚል ምክር አለኝ።

ማንኛውም የኤሌክትሪክ ሞተር እነዚህን ማዕድናት ይፈልጋል?

አይፈልግም። በመልካ ጀብዱ በኩል የሚያልፈው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሎኮሞቲቮች የሚንቀሳቀሱት በመዳብ ጥቅልልና በብረት ብቻ በሚሠራ ኢንዳክሽን ሞተር ነው። የተለመደው የጣሪያ ፋን፣ የውሃ ፓምፕና የወፍጮ ቤት ሞተርም እንዲሁ ማግኔት የላቸውም። “ኢንቨርተር” የሚባሉት አዳዲስ አየር ማቀዝቀዣዎች ግን ኮምፕረሰራቸው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ማግኔት አለ፤ ርካሹ ፌራይት ሊሆን ይችላል፣ ኒዮዲሚየምም ሊሆን ይችላል።

ከመሬት ውስጥ ካሉ ታዲያ እጥረቱ ከየት መጣ?

ከመለየቱ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በኬሚስትሪ ጠባያቸው እጅግ ስለሚቀራረቡ ከአንድ አለት የሚወጡት ሁሉም ተቀላቅለው ነው። ሠርገኛ ጤፍ ተሰጥቶህ ነጩን ከቀዩ ለይ እንደመባል ነው። ሥራው እንዲህ ነው፦ ማዕድኑ በአሲድ ይሟሟል፤ ያ ፈሳሽ ኬሮሲን መሰል ዘይት ከያዘ ልዩ ኬሚካል ጋር ይናጣል። አንዱ ንጥረ ነገር ከጎረቤቱ በጥቂቱ አብልጦ ወደ ዘይቱ ያደላል። ልዩነቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ንጠቱ በተከታታይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገንዳዎች ውስጥ ይደጋገማል። ይህን ሥርዓት አመጣጥኖ ማስኬድ ዓመታት የሚወስድ እውቀት ነው።

ሁለተኛው ችግር የምንጩ ጠባብነት ነው። በቻይና የውስጥ ሞንጎሊያ ክልል ያለው የባያን ኦቦና የአሜሪካው የማውንቴን ፓስ ማዕድን ማውጫዎች ትልልቅ ቢሆኑም ከሚያወጡት ውስጥ ዲስፕሮሲየሙ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ሀብታቸው ቀላሎቹ ናቸው። የከባዶቹ ዋና ምንጭ ደቡብ ቻይና፣ በተለይ ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ጋንዡ አካባቢ ያለው ሸክላ አፈር ነው። እዚያ ግራናይት በሙቀትና በብዙ ዝናብ ለረጅም ዘመን እየበሰበሰ ንጥረ ነገሮቹ ከአፈሩ ላይ ላላ ብለው ተጣብቀዋል። ተመሳሳዩ አፈር በሚያንማር ካቺን ግዛት አለ፤ ከዚያም ጥሬው ወደ ቻይና ይሻገራል። ከባዶቹን በመለየት ረገድ ቻይና ለረጅም ጊዜ ብቻዋን ልትባል የምትችል ነበረች። በ2025 ላይናስ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ማሌዥያ ባለው ፋብሪካው ዲስፕሮሲየምና ቴርቢየም ለይቶ ማውጣት መቻሉ ትልቅ ዜና የሆነው ለዚህ ነው።

ቻይና መላኩን ከልክላለች ሲባል እኛን በምን ይነካናል?

ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ቻይና በሰባት ንጥረ ነገሮችና እነሱን በያዙ ማግኔቶች ላይ የወጪ ንግድ ፈቃድ ግዴታ ጣለች፤ ሳማሪየም፣ ጋዶሊኒየም፣ ቴርቢየም፣ ዲስፕሮሲየም፣ ሉቴሺየም፣ ስካንዲየምና ይትሪየም ናቸው። እገዳ አይደለም፤ ነገር ግን ፈቃዱ እስኪገኝ በወራት የሚቆጠር ጊዜ ጠፋ። በዚያው ሰሞን ፎርድ ቺካጎ ያለውን አንድ ፋብሪካውን፣ ሱዙኪም የስዊፍት ምርቱን ለጊዜው አቆሙ። በኦክቶበር ሆልሚየም፣ ኤርቢየም፣ ቱሊየም፣ ዩሮፒየምና ይተርቢየም ተጨመሩ፤ ይህኛው ደንብ ግን በኖቬምበር ለአንድ ዓመት በሥራ ላይ እንዳይውል ተደረገ። የኤፕሪሉ ደንብ እንዳለ ቆየ።

እኛ ጥሬውን ስለማንገዛ ጉዳዩ በቀጥታ አይነካንም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ካደረገች ወዲህ በጅቡቲ መስመር የሚመጣው መኪና በአብዛኛው ከነማግኔቱ በቻይና ተገጣጥሞ ያለቀ ነው፤ የፈቃድ ደንቡ የሚይዘው ንጥረ ነገሩንና ማግኔቱን እንጂ ያለቀውን መኪና አይደለም። የሚቸግረን በመለዋወጫ ነው። ለብቻው የሚላክ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ማግኔት ሲጠፋ ሻጮች ዝቅተኛውን ደረጃ በከፍተኛው ስም ለመሸጥ ይፈተናሉ፤ ማግኔት ሲታይ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት የኒኬል ልባስ ነው።

ምትክ አልተገኘላቸውም?

ለማግኔት በከፊል ተገኝቷል። አንደኛው መንገድ ዲስፕሮሲየሙን በመላው ማግኔት ከመበተን ይልቅ በጥቃቅን ቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ብቻ ማስረጽ ነው፤ በዚህ ብዙ ይቆጠባል። ሆንዳ ከዳይዶ ስቲል ጋር በ2016 ከባድ ብርቅዬ ማዕድን የሌለበት ማግኔት ለሃይብሪድ መኪና አውጥቷል። ሬኖና ቢ.ኤም.ደብሊው ማግኔቱን ትተው በመዳብ ጥቅልል የሚሠሩ ሞተሮች ይጠቀማሉ፤ ቴስላም ቀጣዩ ሞተሩ ብርቅዬ ማዕድን እንደማይኖረው በ2023 አስታውቋል። ዋጋው የሞተሩ ክብደትና ስፋት መጨመር ነው።

ለባሕር ሥር ኬብሉ ኤርቢየም፣ ለካንሰር ሕክምናው ሉቴሺየም ግን እኩል የሚሆን ምትክ የለም ማለት ይቻላል። ደግነቱ እነሱ የሚፈልጉት መጠን ትንሽ ነው።

ከአሮጌ ሃርድ ዲስክና ከስልክ አውጥቼ ልሸጠው እችላለሁ?

ከሃርድ ዲስክ የሚወጡት ሁለት ጠማማ ማግኔቶች እውነተኛ ኒዮዲሚየም ናቸው። ዲስኩ ብዙ ስለማይሞቅ ዲስፕሮሲየማቸው ግን ጥቂት ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። የስልኩ ደግሞ ከቁጥር አይገባም። ከባዶቹን የያዘው አደጋ የደረሰበት የኤሌክትሪክ ወይም የሃይብሪድ መኪና ሞተር ነው። ቁራሌው በብረት ኪሎ ሂሳብ የሚወስደው ይህ ሞተር ሳይፈታ፣ ለብቻው ተለይቶ ቢቀመጥ ይሻላል። በዓለም ደረጃ እንኳ ከአሮጌ ዕቃ ተመልሶ የሚገኘው ብርቅዬ ማዕድን ከመቶ አንድ እጅ እንደማይሞላ ነው የሚገመተው፤ ዘርፉ ገና ጀማሪ ነው።

አደራ፣ በቤት ውስጥ በአሲድ ለማሟሟት ወይም ለመፍጨት የሚሞክር እንዳይኖር። የዚህ ማግኔት ደቃቅ ዱቄት አየር ሲያገኘው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ትልልቁ የሞተር ማግኔት ሁለት ሆኖ ሲገናኝ ጣት ይሰብራል፤ ልባቸው ላይ መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎችም ሊቀርቡት አይገባም።

በባቢሌ መንገድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አግኝቻለሁ። ብርቅዬ ማዕድን ሊሆን ይችላል?

በዓይን፣ በክብደት ወይም በማግኔት ማወቅ አይቻልም። ጥቁርና ከባድ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ማዕድን ነው፤ ሰዎች የሚያሳዩት “ማግኔት ይስባል” የሚለው ምልክትም የሚመሰክረው ለዚያው ለብረቱ ነው። ከሐረር እስከ ባቢሌና ዳካታ ያለው ግራናይት በመርህ ደረጃ እነዚህን ንጥረ ነገሮች በጥቂቱ ይይዛል፤ ማንኛውም ግራናይት ይይዛል። የድሬዳዋ ዙሪያ ደግሞ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ነው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች እዚህ የተተከሉትም ለዚያ ነው። የደቡብ ቻይናው ዓይነት ሸክላ ደግሞ ብዙ ዝናብ ይፈልጋል፤ ቆላው የኛ አገር እንዲያ አይደለም።

ቁርጡን የሚነግራችሁ የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው፤ ለዚህ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትን መጠየቅ ይቻላል። ድንጋዩን ደግሞ ከልጆች መኝታ አርቁት፦ ሞናዛይት የተባለው የብርቅዬ ማዕድናት ድንጋይ ቶሪየም ስላለው ጨረር ይሰጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ወይም ደላላ ይዞ መሸጥ ወንጀል ነው። “ቅድሚያ ክፈልና ገዢ ከውጭ አመጣልሃለሁ” የሚል ካጋጠማችሁ የሚፈልገው የእናንተን ብር ነው።

ኩባንያ መጥቶ በአካባቢያችን ቢገኝስ፣ እንዲቆፍር መፍቀድ ይጠቅመናል?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም በውሃው ላይ የተመሠረተ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሸክላ አፈር የሚወጣው ኮረብታውን በመናድ ብቻ አይደለም፤ ጫፉ ላይ ጉድጓድ እየበሱ አሞኒየም ሰልፌት ይለቁበታል፣ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ሲወርድ ከግርጌ ይሰበስቡታል። ያልተሰበሰበው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል። በጋንዡ የደረሰውን ጉዳት ለማጽዳት 38 ቢሊዮን ዩዋን እንደሚያስፈልግ የቻይና ባለሥልጣናት ራሳቸው በ2012 ተናግረዋል። ማሌዥያ ቡኪት መራህ ላይ ከሞናዛይት ይትሪየም ያወጣ የነበረ ፋብሪካ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተዘግቶ የቶሪየም ዝቃጩ ጽዳት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ወስዷል።

ድሬዳዋ የምትጠጣው የሳቢያንን ጨምሮ የከርሰ ምድር ጉድጓድ ውሃ ነው። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅባት ፊቷን ያዞረችው በድሬዳዋ አቅራቢያ ወዳሉት የሐሰሊሶ ጉድጓዶች ነው። የሁለቱም ከተሞች ሕይወት የተንጠለጠለው ከመሬት ሥር ባለ ውሃ ላይ ስለሆነ፣ ከደቡብ ቻይና ይልቅ እኛ ስህተት የመሸከም አቅማችን ያንሳል።

ስለዚህ ኩባንያው ስለ ሥራ ዕድል ከመናገሩ በፊት የሚጠየቁት ሌሎች ነገሮች ናቸው። ጥሬውን ነው የሚልከው ወይስ እዚሁ ይለየዋል? ትርፉም እውቀቱም ያለው መለየቱ ላይ ነውና። ቶሪየም የያዘው ዝቃጭ የት ይቀመጣል፣ ኩባንያው ሄዶ ከ30 ዓመት በኋላ ማን ይጠብቀዋል? የጽዳቱ ገንዘብ ቁፋሮው ሳይጀመር በባንክ ተይዟል? ከሁሉም በፊት ግን የየቀበሌው ጉድጓድ ውሃ ለአሞኒያ፣ ለናይትሬት፣ ለሰልፌት፣ ለእርሳስና ለአሲድነት ከኩባንያው ነጻ በሆነ ላቦራቶሪ ይለካ፤ በክረምትም በበጋም ይለካ፣ ውጤቱም በነዋሪው እጅ ይቀመጥ። ከቁፋሮ በፊት የተለካ ቁጥር ከሌለ፣ በኋላ “ውሃችን ተበከለ” ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ገበሬ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።